ለሁሉም አንድ መስመር

«ሦስት ደቂቃ ሞላ!» አለች የስልክ ኦፕሬተሯ ወርቂቱ። መስመሩንም ቆረጠችው።

ከዲጋ የመጡት ኦቦ መገርሳ መነጋገሪያውን እንደጨበጡ ቀሩ። «ኧረ አዴ ወርቂቱ! ልጄ ገና ‹ሎን ነጋዻ?› እያለ ስለ ከብቶቹ ደኅንነት እየጠየቀኝ ነው እኮ! እህቱ መውለዷን መቼ ነገርኩት?»

አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ሳቁ። ከመካከላቸው ተራዋን የምትጠብቀው ልጅ፣ ቀለሟ፣ ግን አልሳቀችም። ሽማግሌው ተራ ጠብቀው ሰላምታ ላይ ሲቆረጥባቸው ይህ ሁለተኛቸው ነው። ዝናቡ ምሰሶ ከጣለ ወዲህ ከነቀምቴ ወደ አዲስ አበባ የሚሠራው አንድ መስመር ብቻ ነው። ጠዋት አንድ ካድሬ ያለ ተራ ገብቶ እስኪበቃው ሲያወራበት ማንም ትንፍሽ አላለም። ቢሮው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። አዲስ አበባ ሆዱን ቀዶ ጥገና የተደረገለት የቀለሟ አባት ደግሞ ዛሬ ገና ከአልጋው ተነሥቶ ሆስፒታሉ ስልክ አጠገብ እየጠበቃት ነው።

ለሁሉም እኩል ሦስት ደቂቃ ከተሰጠ ታዲያ ለምን ለአንዱም አልበቃውም? ነገሩ ከነከናት።

«አዴ ወርቂቱ፣» አለች፣ «መጀመሪያ ጉዳያቸውን ብትጠይቂያቸውስ? አጭር ያለው ቶሎ ጨርሶ ይሂድ። የተረፈውን ጊዜ ረጅም ጉዳይ ያላቸው እኩል ይካፈሉት።»

«ሁሉም ‹የኔ አጭር ነው› ቢልስ?»

«አጭር ያለ አንድ ደቂቃ ብቻ ነዋ! ሰላምታውን አንቺው አስቀድመሽ አድርሺላቸው።»

የጨርቅ ነጋዴው ጋሽ ረዲ ከት ብለው ሳቁ። «አይ የዛሬ ልጆች! የኔ ጉዳይ ረጅም ነው። መጨረሻ ልጣል?»

«የተረፈው የእርስዎ ነው ጋሼ።»

«ካልተረፈስ? ፎርሽ!»



ወርቂቱ ግን የቀለሟን ሐሳብ ሞከረችው። ኦቦ መገርሳ በአንድ ትንፋሽ፣ «ወንድ ወለደች! ቤቱም ከብቱም ደኅና!» ብለው እየሳቁ ወጡ። አጫጭሮቹ ተከታትለው አለቁ ሲባል ሌሎች አጭር ጉዳይ ያላቸው ከበር ገቡ። ጋሽ ረዲ ሰዓቱን እያዩ እግራቸውን ያንቀጠቅጣሉ።

«አንቺስ፣ ኢንተለ ኮ?» አለች ወርቂቱ። «ልጄ፣ ያንቺ አጭር ነው ረጅም?»

ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሆኗል። ወርቂቱ የቀለሟ እናት ጓደኛ ናት፤ «አጭር» ብትላት እንኳ ጨክና አትቆርጥባትም። ቀለሟ ደግሞ ስለ ቁስሉ፣ ስለ እንቅልፉ፣ መቼ እንደሚመጣ፣ ስንት የምትጠይቀው ነገር አላት።

«ረጅም» አለች።

ጋሽ ረዲ ኮታቸውን ሰብስበው አብራቸው እንድትጠብቅ አግዳሚው ላይ ቦታ ለቀቁላት።