ከቆቋ በሁለት ክንድ

ቁራው ሁለተኛውን ሳምቡሳ ከነጃት እጅ መንትፎ ድንጋይ ላይ ወጣ። ዋጥ አደረገውና ተሳፋሪ እንደሚጠብቅ የባጃጅ ሾፌር አንገቱን ሰበር አድርጎ ያያቸው ጀመር።

«መጀመሪያውኑ ማን ስጪው አለሽ?» አለች የትነበርሽ።

«አሳዘነኛ።»

«ይሄ ነው የሚያሳዝነው? ምንቃሩን አየሽው? የሥጋ ቤት መጥረቢያ እኮ ነው የሚያክለው።»

«ደግሞ የምስር ነው። አንቺ ጾመኛ ነሽ ብዬ ከእማዬ ጋር ተከራክሬ ያሠራሁትን ነው የበላው።»

«እሱም ጾመኛ ነዋ። እንዴት ያለ መንፈሳዊ ቁራ ነው።»

ነጃት እየሳቀች የሳምቡሳውን ፌስታል ሹራቧ ውስጥ ደበቀች። ቁራው አልተታለለም። ማጅራቱ ላይ ያለችውን ነጭ ምልክት እያሳየ ዞር አለና ጮኸ። ከገደሉ በኩል ሌላ ቁራ መለሰለት።

የትምህርት ቤታቸው የተፈጥሮ ክበብ ከጎንደር የተነሳው ገና ሳይነጋ ነበር። በደባርቅ አልፈው ፓርኩ ውስጥ ሳንቃ በር ሲደርሱ ፀሐይ ወጥታ ነበር፤ ብርዱ ግን ጨርሶ አልለቀቀም። አሁን የክበቡ ልጆች ከአውቶቡሱ አጠገብ ሣሩ ላይ ተቀምጠው ምሳቸውን ይበላሉ። የትነበርሽ ግን ምሳ አላማራትም። አንገቷ ላይ የተንጠለጠለው ካሜራ አላስቀምጥ ብሏታል።

ካሜራው የእሷ አይደለም። ፒያሳ ላይ ፎቶ ቤት ያለው አጎቷ አለነ ለአንድ ቀን ብቻ ነው ያዋሳት። ማንገቻውን አንገቷ ላይ ሲያጠልቅላት እንዲህ ብሏት ነበር፦ «አንድ ወፍ ወይም አንድ አውሬ፣ ከነዓይኑ ጥርት አድርገሽ ካመጣሽልኝ፣ ፋሲካ አልፎ ሠርግ ሲጀምር ቅዳሜ ቅዳሜ አብረሽኝ ትሠሪያለሽ። ካልሆነ ካሜራው ወደ ሣጥኑ፣ አንቺም ወደ ሂሳብሽ።»

የትነበርሽ ይህን ሥራ ከስድስተኛ ክፍል ጀምሮ ስትለምነው ኖራለች። ችግሩ ሌንሱ ነው። የሙሽራ ሌንስ ነው፤ ሙሽራ ደግሞ አንሺው እስኪጠጋት ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። ጭላዳ አይጠብቅም። ጠዋት ያነሳቻቸው ጭላዳዎች ፎቶው ውስጥ የምስር ፍሬ አክለው ወጥተዋል። በዚህ ላይ ሐምዛ በስልኩ አንዱን ጭላዳ ከንፈሩን ገልብጦ ጥርሱን ሲያሳይ አግኝቶት፣ «ይሄ የትነበርሽን አይመስልም?» እያለ ለክበቡ ሁሉ ሲያስጎበኝ ነው የዋለው።

«ያው ነው፣ ስም ሲጠራ የምትመስይው እሱን ነው» አለቻት ነጃት ለማጽናናት ብላ። እውነቷን ነው። የትነበርሽ መምህሩ ስሟን ሲጠሩ «እዚሁ ነበርኩ» ብላ ጥርሷን ገልጣ እየመለሰች ከክፍል የምትባረር ልጅ ናት።

«ተነሺ» አለች የትነበርሽ። «ሳልጠጋው የማይሸሸኝ አንድ ፍጥረት ከዚህ ሁሉ ተራራ አይጠፋም።»

ጠመንጃቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው የቆሙት የፓርኩ ጠባቂ አያ ታከለ አዩዋቸው። «ከዚያች ቋጥኝ እንዳታልፉ፣ ልጆቼ። ከኋላዋ ገደል ነው።»

«እሺ አያ» አሉ ሁለቱም፣ ቋጥኟ ድረስም ሄዱ።

መጀመሪያ ያየችው ዓይን ነበር። ከአንድ የአስታ ቁጥቋጦ ሥር፣ ደረቅ ሣር መሀል፣ ሳይርገበገብ የሚያያት ክብ ዓይን። ከዚያ ቀስ በቀስ ሌላው መጣ፤ ጥቁር ግንባር፣ ቀላ ያለ አናት፣ ከሣሩ ጋር የተመሳሰለ ዝንጉርጉር ጀርባ።

የትነበርሽ እጇን ወደ ኋላ ልካ ነጃትን ቆነጠጠቻት።

«ቆቅ» አለች በሹክሹክታ። «ቆቅ ናት።»

በደረቷ ተኛች። ሣሩ በሹራቧ ውስጥ ይወጋታል፤ አልቆመችም። በክርኗ እየተሳበች ተጠጋች። ቆቋ አልሸሸችም። አሁን በመሀላቸው ሁለት ክንድ ያህል ብቻ ነው የቀረው። በሌንሱ ውስጥ ስታያት የደረቷ ላባ ቶሎ ቶሎ ከፍ ዝቅ ይላል። አንዲት የሣር ዘለላ ግን በዓይኗ ላይ አቋርጣ ቆማለች። ሣሯ ዘወር ብትል፣ ወይም ቆቋ ጥቂት ቀና ብትል፣ የሠርግ ቅዳሜዎች ሁሉ የየትነበርሽ ናቸው።

«ለምን አትሄድም?» አለች ነጃት ከጎኗ ተኝታ።

«ታቅፋ ነው።»

«ጠጠር ልወርውር? እሷን ሳይሆን ወዲያ በኩል። ትንሽ ቀና እንድትል ብቻ።»

የትነበርሽ ጣቷን ቁልፉ ላይ አደረገች። «ቆይ» አለች። «‹እሺ› ስል ነው የምትወረውሪው።»

ያኔ ሣሩ ላይ ጥላ አለፈ። ቁራው መጥቶ ቋጥኟ ላይ አረፈ። አጠገቡ ሌላ ቁራ አረፈ፤ ቀጥሎ ሦስተኛው። የሚያዩት ቆቋን አልነበረም። የሚያዩት የነጃትን ሹራብ ነው፤ ፌስታሉ ጫፉ ወጥቷል። የትነበርሽ አንዱን በደንብ ተመለከተችው። ቁራው ነጃትን አየ፣ የትነበርሽን አየ፣ ከዚያ የሁለቱም አፍንጫ ወደ ዞረበት ወደ አስታው ሥር አንገቱን አሰገገ።

ቆቋ ወደ መሬት ይበልጥ ተለጠፈች።

የትነበርሽ ጣቷን ከቁልፉ ላይ አነሳች። እዚያ ጋ ምን እንዳለ ለቁራዎቹ እያሳዩአቸው ያሉት እነሱ ናቸው። ቆቋ ለአንድ ፎቶ ያህል ብትነሳ እንኳ ያ መጥረቢያ የመሰለ ምንቃር ለእንቁላል ጊዜ አይፈጅበትም።

«እሺ በይ እንጂ» አለች ነጃት። ጠጠሩን ይዛለች።

«ጣይው።»

«ወዴት?»

«መሬት ላይ ጣይው፣ አትወርውሪው። ስንት ሳምቡሳ ቀረን?»

«ሦስት። አንዱ ግን ያንቺ ነው፣ ደብቄልሽ—»

«ሁሉንም አምጪው።»

ወደ ኋላ ተሳቡ። ከዚያ የትነበርሽ ተነሳችና ካሜራውን ደረቷ ላይ አቅፋ ወደ መንገዱ ማዶ ሮጠች። ነጃት ሳምቡሳውን እየቆረሰች፣ እየበተነች ተከተለቻት። ቁራዎቹም እንደ ሠርግ አጃቢ እየጮኹ ተከተሉ።

«ምነው፣ ምን ነካችሁ?» አሉ አያ ታከለ ከሩቅ።

«ስፖርት ነው አያ» አለች የትነበርሽ እያለከለከች።

የመጨረሻው ሳምቡሳ ሲያልቅ ዞር ብላ ወደ አስታው አየች። ከዚህ ሆኖ ሣር ብቻ ነው የሚታየው። ሁለት እርምጃ ወደዚያ መለስ አለች። ቁራዎቹም ተነስተው በላይዋ ዞሩ። ቆመች። እነሱም ወረዱ።

«አሁን የትም ብንሄድ ከእኛ ጋር ናቸው» አለች።

«ይቅርታ» አለች ነጃት። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። «ያንን የመጀመሪያውን ባልሰጠው ኖሮ።»

«ተይ ባክሽ። እኔ ራሴ ቆሜ እየሳቅሁ አልነበር እንዴ? አሁን ነይ፣ ከልጆቹ ዳቦ እንለምን። ርቦኛል።»

ልጆቹ ጋ ሲደርሱ ሐምዛ ሹራቧ ላይ የተሰካውን ሣር አየ። «የሆነ ነገር አግኝታችኋል» አለ። «በደረትሽ ተኝተሽ ነበር። ምን ነበር?»

መምህርት እታገኘሁ ሰዓታቸውን አዩ። «ግማሽ ሰዓት አለን። ያገኛችሁት ነገር ካለ ሁላችንም ሄደን እናያለን። እህ፣ የትነበርሽ?»

ልጆቹ ዳቦአቸውን እንደያዙ ተነሱ። ቁራዎቹ ከአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ሆነው ዳቦውን ይቆጣጠራሉ። የትነበርሽ አፏን ከፈተች። ስለ ጥቁሩ ግንባር ልትነግራቸው፣ ሐምዛን አፉን ልታስይዘው ምላሷን በላት። ነጃት ትንፋሿን ይዛ ታያታለች።

«ቁራ ነው ቲቸር» አለች። «ነጃትን ሊዘርፋት ሲል በደረታችን ተኛን።»

«ሳምቡሳዬን ጨርሶብኛል» አለች ነጃት ፈጠን ብላ።

ልጆቹ ሳቁ። ሐምዛ እስከ መሳፈሪያ ሰዓት ድረስ «ባለ ቁራዋ» እያለ ጠራት። የትነበርሽ አንድም መልስ አልሰጠችውም። ነጃት አሟት እንደሆነ ሁለት ጊዜ ግንባሯን ነካቻት።

ደባርቅ ሲደርሱ ኔትወርክ መጣና ስልኳ ጠራ።

«እህሳ፣ ባለካሜራዋ» አለ አለነ። «ምን ይዘሽልኝ መጣሽ?»

«የቁራ ጀርባ።»

«ሌላስ?»

ነጃት ትከሻዋ ላይ እንቅልፍ ወስዷታል። የትነበርሽ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ቆቅ አግኝቼ ነበር፣ ጋሼ። በሁለት ክንድ። አላነሳኋትም።»

«ምን ማለት ነው አላነሳኋትም?»

«ታቅፋ ነበር። ቁራ ደግሞ አስከትለን ሄደናል።»

«ስንት እንቁላል አላት?»

«እኔ እንጃ። አልተነሳችም።»

ከወዲያ በኩል ሲስቅ ሰማችው። «ውላችን ግን ውል ነው።»

«አውቃለሁ። ነገ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ካሜራህን አመጣልሃለሁ።»

«ቆይ ስሚ። ረጅም ሌንስ የሚያውሰኝ ሰው አለ። የት ጋ እንደሆነች ንገሪኝና ለፋሲካ ማግስት አብረን እንሂድ። አንቺ ታነሺያለሽ። ያኔ ቅዳሜውም ያንቺ ነው።»

የትነበርሽ በመስኮቱ የደባርቅን የቆርቆሮ ጣሪያዎች አየች። ረጅም ሌንስ፣ አጎቷ፣ መኪና፣ በላዩ ደግሞ የፋሲካ ምሳ ተይዞ። ቁራዎቹ ምግብ የያዘ ሰው ከሩቅ ነው የሚያውቁት።

«ጫጩቶቿ ከወጡ በኋላ እነግርሃለሁ» አለች።

«ይቺ ልጅ» አለ አለነ። ስልኩን ግን ቶሎ አልዘጋውም።

ሐምዛ ከፊት ወንበር ዞረ። «የምን ጫጩት ነው?»

«የጎረቤታችን ዶሮ ናት» አለች የትነበርሽ፣ የሌንሱንም ክዳን ገጠመች።