በእትዬ እናኑ ክፍል ውስጥ ያሳለው ማን ነው?

አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ የሚያሳምነኝ ሰው አይደለሁም። እናቴ ስለ ዛርና ስለ ቡዳ ስታወራ «እማ፣ ይሄ ሁሉ እኮ የበሽታ ስም አለው፣ መድኃኒትም አለው» እያልኩ የማደርቃት እኔ ነኝ፣ ሕክምና መማር ከጀመርኩ አምስተኛ ዓመቴ ነው። ብታምኑኝም ባታምኑኝም ግን የሆነውን እንደሆነው እነግራችኋለሁ።

ባለፈው ክረምት የአእምሮ ሕክምና ተራችን ደረሰና፣ እዚሁ እስራኤል፣ ረሖቦት ከተማ፣ ቤታችን ካለበት ከኦሺዮት ሰፈር በአውቶቡስ ሩብ ሰዓት የማይሞላ ርቀት ላይ ያለ ሆስፒታል፣ ስሙ ይቅር፣ አራት ሆነን ተመደብን። እንዴት እንደነበርን አልደብቃችሁም። የልብ ሕመምተኛ ፊት ትንፋሻችንን ውጠን የምንቆም ልጆች፣ እዚያ ግን ገና ከበሩ ሳንርቅ እንሳሳቅ ነበር። ዮናታን የሚባለው ጓደኛችን የሕመምተኞቹን አነጋገር ያስመስላል፣ እኛ እንስቃለን። ክፉዎች ሆነን አይመስለኝም፣ ፈርተን ነው፣ ያኔ ግን ፍርሃት መሆኑን አላወቅነውም።

እትዬ እናኑ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ በልጅነታቸው ጎንደር ያደጉ፣ በኋላ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የመጡ ሴት ናቸው፣ ዕብራይስጣቸው ከሰላምታ ብዙም አያልፍም። ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜ በፕላስቲክ ኩባያ ውኃ ይሞሉና ከአልጋቸው ፊት ለፊት ካለው ባዶ ወንበር ላይ ያስቀምጣሉ። «ለባለቤቴ ነው፣ ያስለዋል» ይላሉ። ባለቤታቸው የሞቱት አዲስ አበባ የጉዞ ተራ ሲጠብቁ፣ አውሮፕላኑ ሳይመጣ ነው። አንድ ቀን ዮናታን ጎንበስ ብሎ ወንበሩን «ሻሎም፣ ጌታው» ሲለው፣ ከሁሉም ጮክ ብዬ የሳቅሁት እኔ ነበርኩ። ለምን ብትሉኝ፣ እሳቸው የኛ ሰው ናቸው፣ ጓደኞቼ እኔንም ከእሳቸው ጋር አንድ አድርገው እንዳያዩኝ ነው። ይህን ስነግራችሁ አሁንም ያሳፍረኛል።

አንድ ማክሰኞ፣ ዝናብ ሲጥል የዋለበት ቀን፣ የክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ታማር ጠራችኝና «አንቺ አማርኛ ታውቂያለሽ፣ እናኑ ክፍል ግቢና ስለሚሰሙት ነገር በደንብ ጠይቂያቸው፣ እኔ እመጣለሁ» አለችኝ። ሌሎቹ ሕመምተኞች ምግብ አዳራሽ ስለነበሩ ኮሪደሩ ጭር ብሏል። ገብቼ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

«እትዬ፣ አሁን ይሰማዎታል?»

«አሁን እንኳ አይሰማም። ዝናቡ ሲያባራ ነው የሚጀምረው።»

«ሳሉ ምን ዓይነት ነው? ደረቅ ነው ወይስ አክታ አለው?» አልኩ፣ እንደተማርነው።

«ሐኪም አይደለሽ እንዴ፣ ልጄ? ስትሰሚው ታውቂዋለሽ።»

ዝናቡ አባራ። መጀመሪያ የሰማሁት ጉሮሮ የሚጠርግ ሰው ዓይነት ድምፅ ነው፣ ከጎን ክፍል መስሎኝ ተነሥቼ አየሁ፣ ሁለቱም አልጋዎች ባዶ ናቸው። የውኃ ቧንቧ ይሆናል ብዬ ግድግዳውን ነካሁ፣ ምንም የለም። ተመልሼ ስቀመጥ ግን ሳለ። እመኑኝ፣ ሳል ሥራዬ ነው፣ ይሄኛው አክታ ያለበት፣ ሦስቴ ተከታትሎ የሚመጣ፣ መጨረሻ ላይ አየር ሲስብ ቀጭን ፉጨት የምትከተለው፣ የደከመ ወንድ ሳል ነበር፣ ከወንበሩ በኩል፣ ከእኔ ሁለት ክንድ በማይሞላ ርቀት። ኩባያው ውስጥ ያለው ውኃም ሲንቀጠቀጥ አይቼዋለሁ፣ ምናልባት ጉልበቴ ወንበሩን ነክቶት ይሆናል፣ በእሱ አልምልም።

እትዬ እናኑ ወንበሩን አላዩም፣ የሚያዩት የኔን ፊት ነበር። «ሰማሽው» አሉኝ፣ እንደ ጥያቄ አይደለም።

በዚያው ቅጽበት በሩ ተከፈተና ዶክተር ታማር ገባች፣ ዮናታን ከኋላዋ አለ።

«ዛሬም ይሰማቸዋል?» አለችኝ።

«አዎ።»

«አንቺስ? እዚህ ስትቀመጪ የሰማሽው ድምፅ አለ?»

የተለመደ ጥያቄ ነው፣ የቧንቧ ወይም የጎረቤት ድምፅ እንዳይሆን ለማጣራት ይጠየቃል። የዮናታን ከንፈር ግን ለሳቅ ተዘጋጅቶ አየሁት፣ በዚያች ሰከንድ፣ በኋላ ኮሪደር ላይ እኔን አስመስሎ የሚናገረውን ሁሉ ከአሁኑ የሰማሁት መሰለኝ።

«ሎ» አልኩ። የለም ማለቴ ነው፣ ይህቺን ቃል ደግሞ እትዬ እናኑም ያውቋታል።

ዶክተሯ መድኃኒታቸው ከፍ እንዲል ጻፈችና ወጡ። እኔ እዚያው ቀረሁ። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ እጄን ያዙኝ።

«አይዞሽ ልጄ» አሉኝ። «እኔም በመጀመሪያው ሰሞን፣ ልጆቼ ሲጠይቁኝ፣ አልሰማሁም ነበር የምለው።»

ከዚያ ወዲያ መሳቅ አልቻልኩም። ዮናታን እንደለመደው ማስመሰል ሲጀምር «ተው፣ በቃህ» አልኩት፣ «ምን ነካሽ?» አለኝ፣ ግን ተወ። በቀሩት ቀናት ከሰዓት በኋላ እየገባሁ ኩባያውን የምሞላው እኔ ሆንኩ። ሳሉን ደግሜ አልሰማሁትም። እሳቸውንም መድኃኒቱ እንቅልፍ በእንቅልፍ አደረጋቸው፣ ወሬያቸው አነሰ፣ በመጨረሻ ልጃቸው መጥታ መዝከረት ባትያ ወዳለው ቤቷ ወሰደቻቸው። እውነቱን አልተናገርኩላቸውም፣ ይሄ እስከ ዛሬ ይከብደኛል።

ተራችን ያለቀ ቀን ወረቀቴን ለማስፈረም ዶክተር ታማር ቢሮ ገባሁ። እስክሪብቶዋን አነሣች፣ ግን አልፈረመችም።

«ያ የእናኑ ሳል» አለችኝ፣ ቀና ሳትል፣ «ከወንበሩ በኩል ነበር ወይስ ከመስኮቱ?»

«እሳቸው ከወንበሩ ነው ይላሉ።»

«እሳቸውን አልጠየቅሁሽም።»

እጄን ወደ ወረቀቱ ዘረጋሁ። ከዚያ ፈረመችና «ቤሰደር፣ እሺ፣ ጨርሰናል» ብላ ወረቀቱን ሰጠችኝ።

እንደ ሐኪም እየመረመረችኝ ነበር ወይስ እሷም ሰምታው ኖሯል፣ አላውቅም። አንዳንድ ጠዋት አውቶቡስ ላይ እንገናኛለን። ሰላም እንባባልና ሁለታችንም ፊታችንን ወደ መስኮት እናዞራለን።