የመምህር ገብረ ሕይወት የመጨረሻ ክፍለ ጊዜ

የእንግሊዝኛው መምህር ገብረ ሕይወት ዓርብ ሲመሽ በክፍላቸው ጥቁር ሰሌዳ ሥር ተደፍተው፣ ራሳቸው ከኋላ ተፈንክቶ ሞተው ተገኙ። ደም የነካው የደወል መምቻ ብረት የተገኘው ከአሥረኛ ክፍሏ ተማሪ ከአገሬ ወንበር ሥር ነበርና ልጅቱ በዚያው ምሽት ታሰረች።

በማግስቱ መቶ አለቃ ሣህለ ማርያም ከሞጣ ተጠርተው፣ በሕዝብ መዋጮ ወደ ተሠራው የብቸና ትምህርት ቤት ደረሱ። መቶ አለቃው የፖሊስ ቆብ ከመድፋታቸው በፊት ብዙ ዘመን በቅኔ ቤት የቆዩ ሰው ናቸው። በአስከሬኑ ፊት አማተቡና ብረቱን አገላብጠው ተመለከቱ።

«ይህ የት ነበር የሚቀመጠው?»

«ከዛፉ ሥር፣ ለደወል ከተሰቀለው የመኪና ቸርኬ አጠገብ ነው፤ ያለፈ ያገደመ ያነሣዋል» አለ ዘበኛው ፋንታ።

«እንግዲያ ብረቱ ማንንም ለይቶ አይከስስም።»

የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር ገብረ ክርስቶስ ግን ጆሮውን ምስክር አደረገ። ቢሮው ከክፍሉ ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራል።

«ትናንት እዚሁ ወንበሬ ላይ ነበርኩ» አለ። «ተማሪዎቹ ሲወጡ አገሬና መምህሩ ብቻቸውን ቀሩ። ‹ብትቀርበኝ እገድልሃለሁ!› ብላ በእንግሊዝኛ ስትጮህበት ሰማሁ። ከዚያ ጸጥ አለ።»

«ቃሉ ይኸው ነው? አልተሳሳቱም?»

«እንግሊዝኛ እኔን ያሳስተኛል?»

መቶ አለቃው ወደ እስር ቤቱ ሄዱ። አገሬ ከመሬት ተነሥታ ቀጥ ብላ ቆመች።

«ጥፋቴን አምኜ እንድፈርም ሊያባብሉኝ መጥተው ከሆነ ይመለሱ፤ አልፈርምም።»

«ልጄ፣ ‹እገድልሃለሁ› ብለሻል ወይስ አላልሽም?»

«ብያለሁ። ግን ለመምህሬ አይደለም። ለወላጆች ቀን በጻፍኩት ተውኔት ውስጥ አንዲት ልጅ በግድ ሊያገባት ለመጣ ሰው የምትለው ነው። እሳቸው ሰውየውን ሆነው ያናግሩኛል፤ እኔም ልጅቱን ሆኜ እመልሳለሁ። ያልኩትም ረቡዕ ነው፤ ክፍሉ በሙሉ ሰምቷል።»

«ዓርብስ?»

ልጅቱ በእስሯ ውስጥ ሆና ሳቀች። «ዓርብማ የረቡዑን ብደግም በር ላይ ያቆሙኝ አልነበር? መምህሬ ዲማ ገዳም ቅኔ የተማሩ ሰው ናቸው። ‹የበላችሁትን መልሳችሁ አታቅርቡልኝ፤ ዛሬ አዲስ አምጡ› ይሉናል። ከልጅቱ አፍ ማስፈራራቱን አወጣሁና ‹በሩ ክፍት ነው፤ ስጦታህን ይዘህ ውጣ› አስባልኳት። ደስ አላቸው። ሰሌዳውን ሲያጠፉ ትቻቸው ወጣሁ።»

«ሊያገባት የመጣውስ ሰው ማን ይባላል?»

«በተውኔቱ ስም የለውም። ከተውኔቱ ውጭ ስላለው ሰው ግን አጎቴን ይጠይቁ።»

የልጅቱ አሳዳጊ አጎት ግራዝማች ውበቴ ግን በራቸውን ገርበብ አድርገው፣ «የቤቴን ጉዳይ ለፖሊስ አላወራም» አሉ።

መቶ አለቃው ሁሉንም መምህሩ በሞቱበት ክፍል ሰበሰቡ። አገሬ እጇ በካቴና ታስሮ በሁለት ፖሊሶች መካከል ቆመች፤ ተማሪዎቹም ግድግዳውን ተደግፈው ዙሪያውን ያዙ።

«ተማሪዎች፣ መምህራችሁ የትናንቱን ቃል ዛሬ ይቀበሉ ነበርን?»

«በጭራሽ!» አለ ክፍሉ በአንድ ድምፅ።

«እኔም ባደግሁበት ቅኔ ቤት የትናንቱን ቅኔ ይዞ በመምህሩ ፊት የሚቀመጥ ተማሪ አላየሁም። አቶ ገብረ ክርስቶስ፣ እርስዎ ግን ከዚያ ወገን አይደሉም። እርስዎ በተማሩበት ኮሌጅ ተማሪው አንዱን ቃል እስኪሸመድደው ይደጋግማል፤ ስለዚህ ረቡዕ በግድግዳው የሰሙት ዓርብም የሚደገም መሰለዎ። ዓርብ ግን ያ ቃል በዚህ ክፍል አልተነገረም። አልሰሙም፤ ያልሰሙትም በቢሮዎ ስላልነበሩ ነው።»

«የነፍሰ ገዳይን ቃል ከእኔ ቃል ያስበልጣሉ?» አለ ዲሬክተሩ።

መቶ አለቃው ወደ ግራዝማች ዞሩ። «ልጅቱን ሊያገባ የመጣው ማን እንደሆነ ደብቀውኛል፤ ዝም ካሉ ግን ይህች ልጅ ትሰቀላለች። ስለ መድኃኔ ዓለም ብለው ይናገሩ፤ ይህ ሰው ዓርብ የት ነበር?»

ግራዝማች ላባቸውን ጠረጉ። «ከእኔ ቤት። ሽማግሌ ይዞ አገሬን ሊጠይቅ መጥቶ ነበር። እሷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እሱ ገና በእልፍኝ ነበርና በጓሮ አስገባኋት። ‹መምህሯ ልብ ሰጥቷት እምቢ ትላለች› ብዬ ብነግረው በቁጣ ወጣ።»

«ስለምን ዝም አሉ?»

«ከታሰረች በኋላ መጣና ‹እኔን ካገባች ምስክርነቴን እለውጣለሁ› አለኝ። በሕይወት ትትረፍልኝ ብዬ ነው።»

«እንግዲህ ስሙ» አሉ መቶ አለቃው። «ልጅቱ መምህሩን በሕይወት ትታ ቤቷ ገባች፤ ይህ ሰው ያን ጊዜ በእልፍኝ ስለነበረ ሰማሁ ያለው ሐሰት ነው። ኋላም በቁጣ ወጣ፤ ብረቱን ከዛፉ ሥር አነሣ፤ ሰሌዳ ሲያጠፉ ከኋላቸው መታቸው። ብረቱን ከወንበሯ ሥር የጣለውም አንገቷን ከገመድ አስገብቶ እሺ ብላ እንድታገባው ለማስገደድ ነው።»

ገብረ ክርስቶስ ከረባቱን ከአንገቱ መንጭቆ ጮኸ። «ያንን ተውኔት ይተው ብዬ ለመንኩት! በወላጆች ቀን አገር ሊያስቅብኝ! ‹ቃሉ የእሷ ነው፤ እኔ ላጠፋው አልችልም› ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ!»

ካቴናው ከአገሬ እጅ ወጥቶ በእሱ እጅ ገባ።

ግራዝማች አቀርቅረው ወደ ልጅቱ ቀረቡ። «ነይ ልጄ፣ ወደ ቤታችን እንግባ።»

«አልገባም፤ መምህሬን ልቀብር ነው።»

«ተይ እንጂ! ትናንት የታሰረች ልጅ ዛሬ ከአስከሬን ፊት ትሄዳለች? ሰው ምን ይላል?»

«ያለውን ይበል።»

ካህናቱና የአገሩ ሽማግሌዎች ለቀብሩ መጥተው አስከሬኑን የያዘው ቃሬዛ ተነሣ። አገሬ ከካህናቱ ቀጥላ ከፊቱ ቆመች፤ የክፍሏ ተማሪዎችም አንድ በአንድ መጥተው ከጎኗ ተሰለፉ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ወደ ኋላ ሊመልሳት እጁን ዘረጋ፤ እሷ ግን ዞራ እንኳ አላየችውም። ግራዝማች ውበቴ ይህን አይተው ጥቂት ቆሙ። ከዚያም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱና ከሁሉ በኋላ ተከተሉ።