ለአንድ ቤት የሚበቃ ታንከር

ኦሪን ቲቦዶ ምድር ቤቱ ውስጥ በጀርባቸው ተንጋለው፣ ቁርጭምጭሚት በሚደርስ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ተኝተዋል። ዓይናቸው አልተከደነም። ከራስጌያቸው አንድ ክንድ ያህል ራቅ ብሎ ትናንት የተተከለው፣ የጉድጓድ ውኃ ወደ ቧንቧ የሚገፋው ሰማያዊ የግፊት ታንከር ቆሟል፤ ከሥሩ ቧንቧውን ካጠበቀው ዳዶ ውኃ ጠብ፣ ጠብ ይላል።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አለ ሸሪፍ ሃስኬል ደረጃው ላይ እንደቆመ። «መገጣጠሚያው አፈሰሰ፤ ሽማግሌው ሊያዩ ወረዱ፤ አዳለጣቸውና ከሲሚንቶው ጠርዝ ጋር ተላተሙ። ታንከሩን የተከለችው ዶሪ ላጋሴ ናት። ፈቃዷን ትነጠቃለች፤ ዓቃቤ ሕጉም በቸልተኝነት ሰው መግደል ብሎ ይከሳታል።»

«የት ናት?» አለች መርማሪ ኖኤላ ሚሾ።

«መኪናዬ ውስጥ። ታለቅሳለች።»

«ለቅሶዋን ጨርሳ ትውረድ።»

ኖኤላ ውኃው ውስጥ ገብታ አጎነበሰች። ቁስሉ አናታቸው ላይ ነው፤ መሃል አናታቸው ላይ። በጀርባው የወደቀ ሰው ማጅራቱን ይመታል እንጂ አናቱን አይመታም። ይህን ለሸሪፉ አልነገረችውም፤ የሚያስበውን ጨርሶ እስኪያስብ መጠበቅ ያሰለቻታል። ባትሪዋን ወደ ዳዶው አዞረች። አንድ ቀይ የማርከር መስመር ዳዶው ላይ ተነሥቶ ቧንቧው ላይ ይቀጥላል፤ ግን ሁለቱ ቁራጮች አይገናኙም። የዳዶው ቁራጭ ሩብ ዙር ያህል ወደ ጎን ሸሽቷል።

ዶሪ ወረደች። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ አባቷም ቧንቧ ሠራተኛ ነበሩ። አስከሬኑን ላለማየት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ይሄን መስመር ያሰመርሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ። አጥብቄ ስጨርስ ሁሉም ላይ አሰምራለሁ። ቢላላ ወዲያው እንዲታየኝ።» ጠጋ ብላ አየችው። «ኧረ! ይሄ እኮ ተፈትቷል!»

«በራሱ ሊላላ አይችልም?» አለ ሸሪፉ።

«ሩብ ዙር? በአንድ ሌሊት? ያለ መፍቻ አይሞከርም።»

«መፍቻ ደግሞ አንቺ አለሽ።»

«እዚህ አገር መፍቻ የሌለው ማን አለ? ቄሱም አላቸው!»

ኖኤላ ሣቋን ዋጥ አደረገች። «ከመጀመሪያው ንገሪኝ። ምንም አታስቀሪ።»

የጉድጓዱ ውኃ ሁለት ቤት ያጠጣል፤ ይህኛውንና ግቢው ማዶ ያለውን የኦሪን ሟች ወንድም ሚስት የብላንሽን ቤት። ዶሪ ጠዋት ፓምፑን ከማጥፋቷ በፊት ሁለቱም ቤት ውኃ እንዲቀዱ ነገረቻቸው። አሮጌውን ታንከር አፍስሳ አወጣችው። አዲሱን ከመግጠሟ በፊት አንድ ኩባያ በረኪና ጨመረችበት፤ ሥራ ስትጨርስ ሁልጊዜ እንዲህ ታደርጋለች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጨረሰች፤ ሽታው እስኪጠፋ ውኃውን እንዳይጠጡት፣ ቧንቧ ከፍተው እንዲያፈስሱት ለሁለቱም ቤት ነግራ ሄደች። ከምሽቱ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ኦሪን ስልክ ደወሉላት።

«ምን አሉሽ?»

«‹በየመገጣጠሚያው ሥር ጋዜጣ አንጥፌ ነበር፤ ሁሉም ደረቅ ነው፤ እንደ አባትሽ ነሽ› አሉኝ።»

«ታንከሩ ለሁለት ቤት ትንሽ አይደለም?»

«ትንሽ ነው። ነግሬያቸው ነበር። ‹ለአንድ ቤት የሚበቃ ነው ያልኩሽ፤ እሱኑ አምጪ› አሉኝ። ተጨማሪ አልጠየቅሁም።»

«ስትሠሪ የወረደ ሰው ነበር?»

«እማማ ብላንሽ ብቻ። ትኩስ ቂጣ ይዘውልኝ መጡ። ታንከሩን ቆመው አዩት፤ ምንም ሳይሉ ወጡ።»

ፎቅ ላይ ሬኖ፣ የኦሪን የእህት ልጅ፣ ካፖርቱን እንደለበሰ አልጋው ላይ ተቀምጧል። ድንች መጥበሻ ፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ ይሠራል፤ ከአጎቱ ጋር የሚኖረውም እሱ ብቻ ነው።

«ስንት ሰዓት ገባህ?»

«ከጠዋቱ አንድ ሰዓት። ፓምፑ ሲያጉረመርም ሰምቼ ወረድኩ። የፓምፑን ብሬከር አጠፋሁና ደወልኩላችሁ። እጄን እንኳን አልታጠብኩም፤ ጠብታ ውኃ የለም። ድንች ድንች እሸታለሁ፣ ካላመንሽ ቅረቢ።»

«አምኛለሁ፤ እዚያው ሁን። ፋብሪካ መቼ ገባህ?»

«አሥራ ሁለት ሰዓት። ካርዴን ጠይቂ።»

በስልክ ጠየቀች፤ ልክ ነበር። ኩሽናው ውስጥ ድስቶቹ ባዶ፣ ማንቆርቆሪያውም ባዶ ነው።

ብላንሽ ቲቦዶ ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው። ጉድጓዱን የቆፈሩት ሟቹ ባላቸው ነበሩ። ኖኤላ ስትገባ ምድጃው ላይ ሻይ ተጥዷል፤ ሦስት ትላልቅ ድስቶችና ሁለት ባልዲዎች በክዳን ተሸፍነው ተደርድረዋል።

«ተቀመጪ ልጄ፤ በርዶሻል። ምስኪን ኦሪን! እኔስ ያዘንኩት ለዶሪ ነው። ክርስትና ያነሣኋት እኔ ነኝ። ምን ትሆን ይሆን?»

«ትታሰራለች።»

ብላንሽ ሻይ ቀድተው ስኳር ጨመሩላት።

«ውኃ ከየት አገኙ?»

«ትናንት ጠዋት የቀዳሁት ነው። ዶሪ ቅዱ ስላለችን።»

ኖኤላ አንዱን ክዳን አንሥታ አሸተተች። መልሳ ከደነችው። «ሰዎቹን እዚህ ብሰበስባቸው ይፈቅዱልኛል? የኦሪን ቤት ምድጃ ጠፍቷል።»

ከግማሽ ሰዓት በኋላ አምስቱ በኩሽናው ጠረጴዛ ዙሪያ ተሰበሰቡ። ዶሪ የመሣሪያ ሣጥኗን ጭኗ ላይ አቅፋለች።

«ኦሪን አላዳለጣቸውም» አለች ኖኤላ። «ቁስሉ አናታቸው ላይ ነው። አጎንብሰው ሳሉ ነው የተመቱት። ዳዶውም በራሱ አልላላም፤ እንዲያፈስ ተብሎ ተፈትቷል። አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ሁሉም ደረቅ ነበር።»

«የሷ ቃል ነው» አለ ሸሪፉ።

«መደወላቸውን የስልክ መሥሪያ ቤቱ ያረጋግጥልሃል። የሚፈስ ቧንቧ እያዩ ለምስጋና የሚደውሉ ሰው አልነበሩም። ሬኖ በዚያ ሰዓት ፋብሪካ ነበር። እንግዲህ ገዳዩ ዳዶውን ሲያላላ አንድ ነገር ያውቃል፤ ጠዋት ጎርፉ ሲታይ ፓምፑ ይጠፋል፤ ሁለቱም ቤት ውኃ አያገኝም። በጉድጓድ ውኃ ያደገ ሰው ውኃ እንደሚቋረጥ ሲያውቅ ምን ያደርጋል?»

«ይቀዳል» አለ ሬኖ ሳያስበው።

«እኔም እቀዳለሁ። እጅ እንጂ ጭንቅላት አይደለም የሚያዘው። በእናንተ ቤት አንድም ዕቃ አልተሞላም። እዚህ አምስት ዕቃ ተሞልቷል። ዶሪ፣ አሽቺው።»

ዶሪ ክዳኑን አነሣች። ጎንበስ ብላ አሸተተች። «በረኪና» አለች። «ይሄ... ይሄ ታንከሩን ከተከልኩ በኋላ የተቀዳ ነው። ጠዋት በረኪና አልነበረውም።»

«እና ውኃ ቀዳሁ፤ ምን ይሁን?» አሉ ብላንሽ።

«አዲስ ታንከር በተተከለበት ቀን፣ አትጠጡ የተባለ ውኃ፣ አምስት ዕቃ? ለምን ቀዱት? ጠዋት ነው የቀዳሁት ብለው ለምን ዋሹኝ?»

ማንቆርቆሪያው ምድጃው ላይ ይንተከተካል።

«ታንከሩን አይተው ገባዎት» አለች ኖኤላ ድምፅዋን ሳታለዝብ። «ለአንድ ቤት ነው።»

ብላንሽ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። «ልጠይቀው ሄድኩ። አጎንብሶ የታንከሩን የግፊት መለኪያ እያየ፣ ዞር እንኳን ሳይል፣ ‹በጸደይ መሬቱን ከነጉድጓዱ እሸጣለሁ፤ ያንቺን ቧንቧ እቆርጠዋለሁ› አለኝ። ጉድጓዱን ባሌ ነው የቆፈረው። ዘጠኝ ሳምንት ፈጅቶበት! መፍቻው አጠገቤ ነበር።»

«ከዚያ ግቢውን ተሻግረው መጥተው ድስት ሞሉ።»

«አዎ።»

«ከዚያ ተመልሰው ዳዶውን ሩብ ዙር ፈቱት። ክርስትና ያነሡአት ልጅ የተከለችውን።»

ብላንሽ ወደ ዶሪ አላዩም። ሸሪፉ ቀስ ብሎ ተነሣና ካፖርታቸውን ከመስቀያው አወረደላቸው። ከተቀመጡበት ሲነሡ ምድጃውን አዩት፤ እሳቱ ሊጠፋ ነው።

«ዶሪ» አሉ በመጨረሻ። «ዛሬ ብርዱ ይጠነክራል ይላሉ። ቤቱ ሲቀዘቅዝ ውኃው በረዶ ሆኖ ቧንቧውን ያፈነዳዋል። በቧንቧው ውስጥ የቀረውን አፍስሽልኝ።»

በሩ ተዘጋ፤ የሸሪፉ መኪና በበረዶው ላይ እየተንቋቋ ወጣ። ሬኖ እጁን ወደ አንዱ ባልዲ ሲሰድ ኖኤላ ያዘችው።

«ማስረጃ ነው። እዚያው ይቆይ።»

ዶሪ ሣጥኗን ከፍታ መፍቻዋን አወጣችና ወደ ብላንሽ ምድር ቤት ወረደች። ኖኤላ ማስታወሻዋን እየጻፈች ከታች የውኃውን መውረድ ሰማች፤ መጀመሪያ በኃይል፣ ከዚያ በቀጭኑ፣ ከዚያ ጠብታ በጠብታ። ዶሪ የመጨረሻው ጠብታ እስኪያቆም አልወጣችም።