ጋሼ ለልምምድ ሲያለቅስ

እኔ የሰው ዓይን አይቼ ሆዱን የማውቅ ልጅ ነኝ። ትምህርቱን ብዙ አልገፋሁበትም እንጂ ውሸታም ከሩቅ ይሸተኛል፤ እኔን የሚሸውድ ገና አልተወለደም! እስቲ አሁን የቤታችንን ጉድ ስሙኝ፤ መሐረብም ያዙ።

አባዬ ከሞተ ወዲህ ቤቱን የተሸከመው አናጢው ታላቅ ወንድማችን ጋሼ ነበር። ታላቅ እህታችን እትዬ የሱስ አማካሪነት ሥልጠና የገባችውም በእሱ ላብ ነው። እዚያ ሁለት ወንበር ፊት ለፊት ይቀመጥና አንዱ አማካሪ፣ አንዱ ሱሰኛ ሆኖ ይለማመዳል። እትዬ ቤት ስትለማመድ ሱሰኛው ጋሼ ሆነ። የመጋዝ ብናኙን ከፀጉሩ ሳያራግፍ ይቀመጥና፣ «መጠጡን ከሙጫው ቆርቆሮ ጀርባ እደብቃለሁ... ጠዋት ካልቀመስኩ እጄ ይንቀጠቀጣል... እናቴ ሳትነቃብኝ አልቀረችም እያልኩ እሳቀቃለሁ...» ይላል። ከዚያ እንባው ዱብ ዱብ! እማዬ ከጓዳ፣ «ኧረ ይሄ ልጅ ተዋናይ መሆን ነበረበት!» ትላለች። እኔማ በሳቅ ፍርስ! እትዬ ደግሞ፣ «ቅጂውን እኔ ብቻ ነኝ የምሰማው፣ በአባዬ አጥንት!» ብላ በስልኳ ትቀዳዋለች።

ወይኔ ወንድሜ! ለካ ትወና አልነበረም። በጨዋታ አስመስሎ «አድኑኝ» ሲለን ኖሯል! እኔና እማዬ አልገባንም። እትዬ ግን ገብቷት ነበር። ገብቷትስ ምን አደረገች? አቅፋ አለቀሰች? ወዴት! የፈተናዋ ቀን ድምፁን ለክፍሉ በሙሉ ከፈተችው! አጨበጨቡላት። ከሠልጣኞቹ አንዷ ግን የጋሼ አሠሪ ሚስት ነበረች፤ ድምፁን ለየችው። «ጠጥቶ መጋዝ ላይ የሚቆም ሰው አልፈልግም» አለ አሠሪው። ጋሼ መዶሻና መሮውን በጆንያ ይዞ ቤት መጣ።

«እውነቴን መሆኑን አላወቅሽም ነበር?» አላት።

እትዬ አቀረቀረች። «አውቄ ነበር።»

«ታዲያ?»

«ጋሼ... እንደዚያ ያለ ቅጂ ማንም አልነበረውም...»

አልጮኸባትም። ምነው በጮኸባት! በሩን ቀስ ብሎ ዘግቶ ወጣ። ከዚያ ወዲያ መደበቁ ቀረ፤ በጠራራ ፀሐይ ጠጣ። እማዬ በንዴት ደም ግፊቷ ተነሥቶ አልጋ ያዘች፤ «ልጄን አምጡልኝ» እንዳለች አሸለበች። ጋሼን ለቀብሯ እንኳ ከሰው በረንዳ ላይ አንሥተን ነው ያመጣነው። እትዬስ? አንደኛ ወጥታ ተመረቀች! አሁን ሰው ትመክራለች አሉ...

ጋሼ ጉበቱ አብጦ ሆስፒታል ተኝቷል። አይ ዕድል! የሰው ልጅ ለእህቱ መማሪያ ሆኖ እሱ ሳይድን ይቅር? ፍርዱ ይሄ ነው? አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ ተነፋረቅኩ፤ ሲወጣልኝ ግን አፍንጫዬን ጠርጌ፣ «ጋሼ፣ እሷን እርሳት! እኔ ራሴ ሠልጥኜ እሷን የመሰለ መቶ አማካሪ ነው የማስከነዳው። መጀመሪያ የማድነው ደግሞ አንተን ነው!» አልኩት።

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«መጀመሪያ ሰው ሲያለቅስ መሳቅ ተዪ።»