በሳሙና የቆመ ቡሎን

ኤዶም የሞተር ሳይክሉን የዘይት ማፍሰሻ ቡሎን ከሚገባው በላይ አጥብቃ ጥርሱን ፈጀችው። ይህ የመጀመሪያው ጥፋት ነው። ሁለተኛው፣ ቀዳዳውን በልብስ ሳሙና ደፍና ዝም ማለቷ ነው።

ሞተር ሳይክሉ የእሷ አይደለም። ወንድሟ ኤልቃና ዱከም ፋብሪካ ውስጥ ሦስት ዓመት ሠርቶ የገዛው ነው፤ ቀይ፣ ያገለገለ፣ ቆሞ እንኳ የሚሮጥ የሚመስል የስፖርት ሞተር። ኤልቃና የሥራውን ቀናት ዱከም ስለሚያድር ሞተሩ ቡራዩ፣ ኦቦ ቦጂያ ግቢ ውስጥ በተከራዩት ቤት ዕቃ ክፍል አሮጌ አንሶላ ለብሶ ይጠብቀዋል።

ዘይቱን ለጋራዥ ሰው አያስነካም። በየጥቂት ወሩ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ራሱ ከሞተሩ ሥር ተጋድሞ ይቀይራል። የኤዶም ሥራ መብራት መያዝ ነው። ከብዙ መብራት መያዝ የተነሳ ሁሉንም ነገር ታውቃለች፤ ሞተሩን ትንሽ ማሞቅ፣ ሳፋውን ከሥር ማድረግ፣ ቡሎኑን መፍታት፣ የመጨረሻዋ ጠብታ እስክትወርድ አለመቸኮል። የማታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ቡሎኑ ተመልሶ ሲታሰር ኤልቃና ሁልጊዜ «አሁን መብራቱን ወደ አዲሱ ዘይት አዙሪው» ይላታል። ታዞራለች። ስለዚህ የወንድሟ እጅ መፍቻው ላይ የቱ ጋ እንደሚቆም አንድም ቀን አላየችም።

ጥቅምት ገብቶ ነበር። ዋና ከተማዋን ወደ ዙሪያዋ ገበሬዎች መሬት ያሰፋል የተባለው ማስተር ፕላን ቀርቷል ከተባለ ወራት አልፈዋል፤ ቢሆንም ተቃውሞው አልበረደም፤ የአምቦ መንገድ በድንጋይና በባሕር ዛፍ ግንድ ተዘግቷል፤ ሱቆች ተቆልፈዋል፤ ኢንተርኔት የለም፤ ትምህርት ከቆመ ሁለተኛ ሳምንቱ ነው። ኤልቃና ዱከም እንደቀረ ነው። ከሩቅ አልፎ አልፎ ቆርቆሮ የመምታት ዓይነት ድምፅ ይሰማል፤ ቆርቆሮ እንዳልሆነ ሁሉም ያውቃል። ከዚያ መልሶ ጸጥ ይላል። የታክሲ ረዳቶች ጩኸት የሌለበት ቡራዩ በሕልም የሚታይ ከተማ ይመስል ነበር። ውሾቹ አስፋልቱ መሐል ተኝተው ፀሐይ ይሞቃሉ።

በእነዚያ ቀናት ኤዶም ዕቃ ክፍሉ ውስጥ ገብታ፣ አንሶላውን ገልጣ፣ ኮርቻው ላይ ትወጣ ነበር። ዓይኗን ስትጨፍን ድንጋዮቹ ከመንገዱ ይነሳሉ። ሆለታን ታልፋለች፤ አምቦን ታልፋለች፤ ስሙን የማታውቀው አገር ትደርሳለች፤ የጤፍ ማሳው ከግራና ከቀኝ እንደ ውኃ ወደ ኋላ ይፈሳል። ዓይኗን ስትገልጥ ፊት ለፊቷ የከሰል ማዳበሪያና የተሰበረ ወንበር አለ።

ኤልቃና ማክሰኞ ደውሎ የዘይቱ ጊዜ እንዳለፈ፣ ሲመጣ እንደሚቀይረው ነገራት። ረቡዕ ዕለት እሷው ቀየረችው። ጥቁሩ ዘይት ሳፋው ውስጥ ሲወርድ ልቧ ደስ አለው። ቡሎኑን መልሳ ስታስር ግን የፈራችው መላላቱን ነበርና መፍቻውን በሁለት እጇ ይዛ ባላት ኃይል ገፋችው። በጣም ጠበቀ። አንዴ ጨመረችበት። ያኔ ከውስጥ አንድ ነገር ተበጠሰ፤ ቡሎኑም እንደላላ ጥርስ ዝም ብሎ ይሽከረከር ጀመር።

የሚከፈት ጋራዥ አልነበረም። ያን ጊዜ የኦቦ ቦጂያ ሚኒባስ ትዝ አላት። አከራያቸው ኦቦ ቦጂያ ሚኒባስ በነበራቸው ጊዜ የነዳጅ ታንከሩ ሲያፈስ የልብስ ሳሙና በጣታቸው እያሹ ይደፍኑት ነበር፤ መኪናውም ከቡራዩ መርካቶ ሲመላለስ ይውል ነበር። ኤዶምም ሳሙና ፈቅፍቃ፣ ከክር ጋር አሽታ ቡሎኑ ዙሪያ ጠቀጠቀች። የማር መልክ ያለውን አዲስ ዘይት ሞላች። እስከ ማታ አላንጠባጠበም። ሐሙስም አላንጠባጠበም። ዓርብ ዕለት ነገሩን የረሳችው መሰላት።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ኤልቃና ግማሹን በጭነት መኪና፣ ግማሹን በእግሩ ተጉዞ፣ ጫማው አቧራ ለብሶ መጣ። እናታቸው ተስፋነሽ በሩ ላይ አቅፋው ለረጅም ጊዜ አልለቀቀችውም። ፋብሪካው ሰኞ ጠዋት ያልተገኘ ሠራተኛ ይሰናበታል ብሏል። ሰርቪስ የለም፤ ታክሲ የለም። ሞተር ግን በድንጋዮቹ መሐል ይሹለከለካል። «እሷ ባትኖር አልቆልኝ ነበር» አለ ወደ ዕቃ ክፍሉ እያመለከተ። እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሊወጣ ወሰነ።

ከዚያ ገብቶ አንሶላውን ገለጠ። ጎንበስ ብሎ የዘይቱን ማሳያ መስታወት ሲያይ ቆየ።

«ማነው የቀየረው?»

«እኔ» አለች ኤዶም።

ቀና ብሎ አያት። የሚቆጣ መስሏት ነበር። እሱ ግን ሳቀ፤ ጭንቅላቷን ይዞ ግንባሯን ሳማት። «አሪፍ ነሽ እኮ፣ አቦ። ልክ መስመሩ ላይ።» ወጥቶ ለኦቦ ቦጂያም ነገራቸው። በእሑዱ የቸርች ፕሮግራም ላይ ለጓደኞቹ ሲያወራ ሰማችው። ከሞተሩ ሥር ግን አልተጋደመም። ለምን ይጋደማል? እህቱ ሠርታዋለች።

እሑድ ከምሳ በፊት ኦቦ ቦጂያ ከግድግዳው ሥር ተቀምጠው ሬዲዮናቸውን ጆሯቸው ላይ ደግነው ነበር። ማስተር ፕላኑ ቀረ ሲባል ያላመኑ ሰው ናቸው፤ ከከተማው ወጣ ብላ ያለችው መሬታቸው ጉዳይ ስለሆነ ዜና አያመልጣቸውም። ኤዶም አጠገባቸው ቆመች።

«ኦቦ ቦጂያ፣ ያ ታንከሩ ላይ የነበረው ሳሙና ምን ያህል ያዘልዎት?»

«ሁለት ዓመት» አሉ በኩራት። «ቤንዚን ሳሙናን አይደፍርም፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ።»

«ሌላ ቦታስ? ሞተሩ ጋ ቢሆን?»

ሬዲዮኑን ዝቅ አደረጉ። «ታንከር ቀዝቃዛ ነው። ሞተር ይግላል። ሲግል ሳሙናው ቅቤ ነው፤ ዘይቱ ተዘርግፎ ጎማ ሥር ይገባል። መኪና ቢሆን ይቆማል። ባለ ሁለት እግር ከሆነ ግን…» መዳፋቸውን ዘርግተው በቀስታ ወደ ጎን አስተኙት። ከዚያ አዩዋት። ሬዲዮኑን መልሰው ጆሯቸው ላይ ደገኑት።

ኤዶም ምሳ አልበላችም። ብትናገር ጋራዥ ዝግ ነው፤ ኤልቃና ሰኞ አይደርስም፤ ሥራው ያበቃል፤ የቤቱ ኪራይም የሚከፈለው ከዚያ ነው። ባትናገር ምናልባት ሳሙናው ይይዛል። ምናልባት። ዓይኗን ስትጨፍን ያ መንገድ መጣ። ማሳው እንደ ውኃ ወደ ኋላ ይፈሳል። በዚህ ጊዜ ግን ኮርቻው ላይ እሷ የለችም፤ ቀዩ ሞተር ጀርባውን ሰጥቷት እየራቀ ነው፤ ከኋላው አስፋልቱ ላይ ቀጭን የሚያበራ መስመር ጥሎ ይሄዳል።

ስምንት ተኩል ሆነ። ኤልቃና ግቢው ውስጥ ጫማውን ያስራል። እናታቸው ቆሎ በላስቲክ ቋጥራለት፣ ራሱ ላይ እጇን ጭና ትጸልያለች።

ኤዶም ዕቃ ክፍሉ ገባች። ሳፋውን ከሞተሩ ሥር ገፋችው፤ ተጋደመች። ዛሬ መብራት የሚይዝላት አልነበረም፤ በጣቷ ፈለገችው። ሳሙናውን በጥፍሯ ፈለቀቀችው፤ የታጠበ ልብስ ይሸታል። ቡሎኑ መፍቻ አላስፈለገውም። ሁለት ጊዜ ዞሮ መዳፏ ላይ ወደቀ፤ ዘይቱ ተከተለው።

አልቸኮለችም። ከበሩ ስንጥቅ የገባው ብርሃን ዘይቱን ነክቶት፣ ከሞተሩ ሆድ እስከ ሳፋው ድረስ የተዘረጋ የወርቅ ክር አስመሰለው። ክሩ ቀጠነ። ተቆረጠ። ጠብታ ሆነ። የመጨረሻዋ እስክትወርድ ጠበቀች።

«ኤዶም» አለ ኤልቃና ከውጭ። «ቁልፉን ይዘሽልኝ ነይ።»

ቁልፉ ሚስማሩ ላይ ተንጠልጥሏል። አላወረደችውም። በዘይት የተነከረውን ቡሎን ጨብጣ ወጣች፤ በሩንም ከኋላዋ ዘጋችው።