ስትመለስ እፈታልሃለሁ

እኔ ፈሪ ነኝ። ይህን ከመጀመሪያው ብናገር ይሻላል፤ ኋላ «ለምን አልነገርሽንም» እንዳትሉኝ። ነጎድጓድ ሲያጓራ ብርድ ልብስ ውስጥ የምገባ፣ አሳንሰር ውስጥ ትንፋሼን ይዤ የምወጣ ሴት ነኝ። ታዲያ ሥራዬ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የጦር አውሮፕላኖች ለሕዝብ የሚያሳዩትን የአየር ትርኢት ማቀድ!

የትኛው አውሮፕላን በስንት ሰዓት ይነሳል፣ ከየት ይመጣል፣ ስንት ደቂቃ ይቆያል፣ እስከ ምን ድረስ ዝቅ ማለት ይፈቀድለታል፣ ይህን ሁሉ ቅጽ ላይ የምጽፈው እኔ ነኝ። ሌላው ሰው ትርኢቱን አንጋጦ ያያል። እኔ ሰዓቴንና ወረቀቴን ብቻ ነው የማየው። ወደ ላይ ማየት አልችልም።

እሱንም ያገኘሁት መሬት መሬት እያየሁ ስሄድ ነው።

አንድ ጠዋት ቅጾቼን አቅፌ የአውሮፕላን ማቆሚያውን አስፋልት ሳቋርጥ፣ አንድ ቀጭን ፓይለት ዓይኑን ጨፍኖ፣ ቀኝ እጁን ዘርግቶ ይራመዳል። ይታጠፋል፣ ይዞራል፣ እጁን ሽቅብ ይሰዳል፣ በአፉ ቁጥር ያጉረመርማል። አላበደም። ፓይለቶች ከመብረራቸው በፊት ትርኢታቸውን እንዲህ በእግራቸው ይለማመዱታል፤ እጃቸው አውሮፕላኑ ነው። ይሄኛው ግን ቀጥታ ወደ ቆመ የነዳጅ ቦቴ እየሄደ ነበር።

«አቁም!» ብዬ ጮህኩ።

አንድ እግሩ እንደተነሳ ደርቆ ቀረ። ዓይኑን ገለጠ። የቦቴው ብረት ከአፍንጫው አንድ ስንዝር ቢርቅ ነው።

«ይሄ መኪና ቅድም እዚህ አልነበረም» አለ።

«አንተም ቅድም እዚህ አልነበርክም።»

ሳቀ። ሲስቅ አንዱ ጉንጩ ብቻ ይሰረጉዳል። «አንቺ ደግሞ ማነሽ?»

«ደቂቃችሁን የምቆጥረው።»

«አሃ! ስድስት ደቂቃ ብቻ የሰጠችኝ ንፉግ አንቺ ነሻ!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜን ትቶ «ደቂቃ» ይለኝ ጀመር። እሱን ባልደረቦቹ «ቀጭኑ» ነበር የሚሉት፤ እኔም ቀጭኑ አልኩት። በየምሳ ሰዓቱ የቢሮዬን በር ተደግፎ ይቆማል። እኔ ቅጽ የምሞላ እመስላለሁ፤ እሱ ግድግዳው ላይ ያለውን ካርታ የሚያጠና ይመስላል። ሁለታችንም ምንም ሳንሠራ ምሳ ሰዓት ያልቃል። አምስት ወር ሳይሞላ ድምፁን ካልሰማሁ ቀኑ የማይመሽልኝ ሆንኩ። ወደድኩት፤ ምን ይደበቃል። ፍርሃቴም አብሮ አደገ። እሱ በተነሳ ቁጥር፣ ጎማው መሬት እስኪነካ ድረስ፣ ሁሌም «ዛሬ ነው» እላለሁ።

አባዬ ጡረታ የወጣ የአውሮፕላን ቴክኒሻን ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ፓይለቶችን ወንበራቸው ላይ በቀበቶ ሲያስር ኖሯል። ካሰረ በኋላ የትከሻቸውን ማሰሪያ ሁለቴ ሳብ ሳብ አድርጎ «ስትመለስ እኔው እፈታልሃለሁ» ይላቸው ነበር። ሁለቱ አልተመለሱም። ሁለተኛው የቀረ ዕለት አባዬ ቤት ገብቶ እጁን ሲታጠብ፣ ሲታጠብ፣ እማዬ መጥታ ቧንቧውን እንደዘጋችበት ትዝ ይለኛል። ከዚያ ወዲህ የማንንም ቀበቶ ነክቶ አያውቅም። መኪና ውስጥ የእኔን እንኳ።

ስለ ቀጭኑ ስነግረው ጋዜጣውን አጥፎ አስቀመጠ።

«ፓይለት ነው?»

«አዎ አባዬ።»

«ክፉ ነው አልወጣኝም። ስንቱን ጨዋ ልጅ ነው በእጄ ያሰርኩት። ግን ልጄ፣ በር ላይ ቆሞ ሰማይ ሰማይ ማየት ምን እንደሆነ እኔ አውቀዋለሁ። አንቺን አላቆምበትም።»

«አንዴ ብቻ ብታየው እኮ . . .»

«አላየውም» አለና ጋዜጣውን መልሶ አነሳ። ዘቅዝቆ ነበር የያዘው።

እንዲህ ከሁለት ወገን ስጨነቅ ነው ያ ጥፋት የተሠራው።

የቀጭኑ ትርኢት የሚያልቀው «ሽቅብ ዙር» በሚሉት ነው። አውሮፕላኑ ከመሬት አጠገብ ተነስቶ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ አናት ላይ ይገለበጣል፣ ከዚያ ክቡን ሊዘጋ ቁልቁል ይወርዳል። አናት ላይ ሲደርስ የከፍታ መለኪያው ቢያንስ አንድ ሺህ ሦስት መቶ ሜትር ማሳየት አለበት። ካሳየ፣ ወርዶ ሲቃና ከመሬት በላይ መቶ ሃምሳ ሜትር ይተርፈዋል። ካላሳየ ዙሩን ይተወዋል። ሕጉ ይኸው ነው።

መቶ ሃምሳ ሜትር! ከቢሮዬ እስከ መኪና ማቆሚያው እንኳ ከዚያ ይርቃል። አንድ ከሰዓት ብቻዬን ቁጭ ብዬ አንድ ሺህ ሦስት መቶውን ሰረዝኩና አንድ ሺህ አራት መቶ ጻፍኩ። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

በማግስቱ ቅጹን ይዞ መጣ። በሩን አልተደገፈም።

«ይሄን ቁጥር ማን ጻፈው?»

«እኔ።»

«የትኛዋ አንቺ? ዕቅድ አውጪዋ ወይስ የኔዋ?»

ቅጹን ከእጁ ወሰድኩት።

«ደቂቃ፣ እዚያ ላይ ሆኜ የማምነው ያንቺን ወረቀት ነው። ወረቀቱ ውስጥ ስስት ከገባበት ምኑን ልመን?»

እውነቱን ነው። ያንገበገበኝም እውነቱን መሆኑ ነው። ዓይኔን በጨው አጥቤ «እንግዲያው ቅጽህን ሌላ ሰው ይሥራልህ!» አልኩና ወረወርኩለት። ቅጹ አጠገቤ ለሚቀመጠው ለባለመነጽሩ ተሰጠ፤ ቁጥሩም ወደነበረበት ተመለሰ። ከዚያ ሦስት ሳምንት ተኮራረፍን። እኔ ይቅርታ ከምል ሞቼ እገኛለሁ አልኩ፤ እሱም የኔን መንገድ ላለማቋረጥ በጓሮ ይዞር ጀመር።

ትርኢቱ ሊደርስ አሥር ቀን ሲቀረው ከበላይ ትእዛዝ መጣ። ተመልካቹ ስለበዛ ትርኢቱ በእኛ ሜዳ መሆኑ ቀርቶ ኮረብታው ላይ ባለው ሰፊ አየር ማረፊያ ይሁን ተባለ። ዕቅዱ ሁሉ እንደገና ሊሠራ! እየተራገምኩ የአሥራ አንድ አውሮፕላን ቅጽ ጻፍኩ። አሥራ ሁለተኛውን፣ የቀጭኑን፣ ባለመነጽሩ ጻፈ። በልምምዱ ቀን ደግሞ ደመናው ቤት ጣሪያ ድረስ ወረደና ሁሉም ሽቅብ መውጣት የሌለበትን ዝቅተኛውን ትርኢት ብቻ አሳይተው ገቡ።

በዋናው ዕለት ሰማዩ ጥርት አለ። ጠዋት ደረጃ ላይ ከቀጭኑ ጋር ተላለፍን። ቆመ። አንድ ነገር ሊለኝ አፉን ከፈተ፤ እኔ ወረቀቴን አየሁ። የጫማው ድምፅ እስኪጠፋ ድረስ አንዲት መስመር ደጋግሜ አነበብኩ።

በመቆጣጠሪያው ሰገነት ላይ አራት ነበርን፦ የትርኢቱ አዛዥ ኮሎኔሉ፣ ሬዲዮ የሚይዘው፣ ባለመነጽሩና እኔ። ከታች ሜዳው ሙሉ ሰው፣ ከፊት የክብር እንግዶች። ቀጭኑ አራተኛ ተነሳ። ድምፁ መስኮቱን ሲያርገበግበው ሰዓቴን ጨበጥኩ። ስድስት ደቂቃ። «በሰላም አስገባው» እያልኩ በሆዴ እቆጥራለሁ።

አምስተኛው ደቂቃ ላይ ምልክት ላደርግ የእሱን ቅጽ ከባለመነጽሩ ፊት ሳብኩት። ከተኳረፍን ወዲህ አይቼው አላውቅም። ዓይኔ መጨረሻው መስመር ላይ አረፈ። አንድ ሺህ ሦስት መቶ።

ይህ የድሮው ሜዳችን ቁጥር ነው።

ኮረብታው ከእኛ ሜዳ ሁለት መቶ አሥር ሜትር ይበልጣል። መለኪያው ደግሞ የሚቆጥረው ከባሕር ወለል ነው እንጂ ከሥሩ ካለው መሬት አይደለም። እኔ በአሥራ አንዱም ቅጽ ላይ ሁለት መቶ አሥር ጨምሬያለሁ።

«ሁለት መቶ አሥሩን ደምረሃል?» አልኩት ባለመነጽሩን።

«የምኑን ሁለት መቶ አሥር?»

መቶ ሃምሳ ነበር የሚተርፈው። ከመቶ ሃምሳ ላይ ሁለት መቶ አሥር ሲቀነስ . . . በጣቴ ቆጠርኩ። ደገምኩ። ስልሳ ሜትር ከመሬት በታች።

«ኮሎኔል፣ ይቁም! ቁጥሩ ተሳስቷል!»

«ምን? እርግጠኛ ነሽ?» ኮሎኔሉ ወደ እንግዶቹ አየና መልሶ ወደኔ። ከዚያ ሰገነት ላይ ትርኢት ያስቆመ ሰው አይታወቅም። የእኔን ፍርሃት ደግሞ የማያውቅ የለም፤ የአንድ ሺህ አራት መቶዋን ታሪክ ጥበቃው ሳይቀር ሰምቷታል።

እርግጠኛ ነበርኩ? ጣቶቼ ይንቀጠቀጣሉ። ፍርሃቴ በየቀኑ «ዛሬ ይሞታል» ሲለኝ ኖሮ በየቀኑ ዋሽቶኛል። የዛሬው ከትናንቱ በምን ይለያል? በከንቱ ባስቆመው፣ ዳግመኛ ፊቴን አያይም። ዝም ብለው ደግሞ . . . ሰዓቴን አየሁ። ሽቅብ ዙሩ ሊጀምር ሃያ ሰከንድ።

«ፈርቻለሁ ጌታዬ፤ ወረቀቱ ግን አልፈራም፣ ይዩት!» ብዬ ቅጹን እጁ ላይ አስጨበጥኩና ማይክራፎኑን ከሬዲዮ ያዡ ነጠቅኩት።

«አቁም! አቁም! አቁም!»

ምንም። ሬዲዮው ሽሽሽ ይላል። ያን ጊዜ፣ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አንጋጥጬ አየሁ። አፍንጫው ቀና ብሏል፤ ሽቅብ ጀምሯል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ቆጠርኩ። እባክህ፣ የኔ ጌታ፣ እባክህ።

ክንፉ ተንጋደደ። ጎኑን ሰጠና ክቡን ትቶ ወደ ኮረብታው ማዶ ወጣ።

«ተሰምቷል» አለ ሬዲዮው። «አቁሜያለሁ።»

ተመልካቹ አጉረመረመ። ኮሎኔሉ በእስክሪብቶ ቀንሶ፣ ደግሞ ቀንሶ፣ ኮፍያውን አወለቀና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ባለመነጽሩ ግድግዳውን ይዞ ማልቀስ ጀመረ። እኔ ወለሉ ላይ ቁጭ ብያለሁ፤ መቼ እንደተቀመጥኩ አላውቅም።

ቀጭኑ ሲወርድ አስፋልቱ ላይ ጠበቅኩት። የራስ ቁሩን በብብቱ ይዞ መጣ። አልተቆጣም፣ አልሳቀም። «ቅጹን አሳዪኝ» ብቻ አለ።

አነበበ። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ እጁን ዘረጋና መራመድ ጀመረ። ሽቅብ ወጣ፣ አናት ላይ ገለበጠው፣ መውረድ ጀመረ። እጁ ደረቱን አለፈ፣ ወገቡን አለፈ። ጎንበስ አለ፣ ተንበረከከ። ጣቶቹ አስፋልቱን ነኩ። ክቡ ግን ገና አልተዘጋም ነበር። እንደዚያው እጁን መሬቱ ላይ አድርጎ ቀረ።

አጠገቡ ተንበረከክሁ።

«ፈርሜበታለሁ እኮ» አለ በቀስታ። «ያንቺ እጅ ያላረፈበትን ወረቀት ማየት አስጠልቶኝ፣ ሳላነበው ፈረምኩ።»

«እኔ ነኝ በእልህ የጣልኩት። ላንተ ስል ይዤው መቆየት ሲገባኝ።»

«ዛሬ ያስቆመችኝ የትኛዋ ናት? ዕቅድ አውጪዋ ወይስ የኔዋ?»

«እኔ እንጃ። ሁለቱም ይንቀጠቀጡ ነበር።»

ያኔ ሳቀ፤ ጉንጩ ተሰረጎደ፤ እንባውም እዚያው ስርጉድ ውስጥ ገባ። «አልጠየቅኩሽም እኮ ለምን እንደሆነ። ገና 'አቁም' ስትዪ እጄ ታዘዘሽ። እንደዚያ የቦቴው ቀን።»

«ሁለተኛ እንዳታስጮኸኝ» አልኩትና አንገቱን አንቄ አለቀስኩ። ኮሎኔሉም፣ የክብር እንግዶቹም ቢያዩን ያኔ ግድ አልነበረኝም።

በሳምንቱ እሑድ ከሰዓት ቀጭኑ እኛ ቤት መጣ። አባዬ ታሪኩን ሲሰማ «እስቲ ይምጣ» ብሎ ነበር። ሳሎን ተቀምጠው ስለ ሞተር አወሩ፣ ስለ ድሮ አውሮፕላኖች አወሩ፣ ስለ እኔ ግን አንድም ቃል የለም። እማዬ ከማዕድ ቤት በዓይኗ «ምን አለ?» ትለኛለች፤ እኔ ትከሻዬን እነቀንቃለሁ። በመጨረሻ ቀጭኑ ተስፋ ቆርጦ ተነሳ።

«እንግዲህ ልሂድ፣ አባባ።»

«ልሸኝህ» አለ አባዬ።

መኪናው ድረስ ሄዱ። ቀጭኑ ገብቶ ተቀመጠ። አባዬ በሩን ይዞ ብዙ ቆመ። ከዚያ ጎንበስ አለ፤ ቀበቶውን ሳበና በቀጭኑ ደረት ላይ አሳልፎ ቆለፈው።  ትከሻው ላይ ሁለቴ ሳብ ሳብ አደረገው።

«ስትመለስ እኔው እፈታልሃለሁ» አለ።

በሩን ዘጋለት። እኔ አጥሩ ጋ ቆሜ ትንፋሼን ይዣለሁ። መኪናው ተነሳ፣ ማዕዘኑን ታጠፈ፣ ጠፋ። «አባዬ፣ ግባ እንጂ» አልኩት። አልሰማኝም። መንገዱን እያየ ቀረ።

አምስት ደቂቃ አይሞላም። መኪናው ሰፈሩን ዞሮ በላይኛው በኩል ብቅ አለ፤ ቀስ ብሎ መጣና አባዬ እግር ሥር ቆመ። ቀጭኑ መስኮቱን ዝቅ አደረገ። እጆቹን ከመሪው ላይ አላነሳም፤ ቀበቶው እንደታሰረ ነው።

«ተመልሻለሁ፣ አባባ» አለ።

አባዬ ጎንበስ ብሎ ፈታለት።